ሁለት ጆንያ አሸዋ

ባሌ አትማን ስድስት ሳምንት ታሞ ከተኛ በኋላ «ዛሬ ለሥራ ሳይሆን ለደስታ በጀልባችን እንውጣ» አለኝ። ነፋሱ ጥሩ ነበር፤ ሸራውን ሰቅዬ መሪውን ያዝኩና ከላሙ ደሴት ወጣን።

ጀልባዋ ስታዘነብል ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ወደ ውጭ በወጣው ሳንቃ ላይ ተቀምጦ በክብደቱ የሚያቀናት ሁልጊዜ እሱ ነው። አሁን ግን አጥንቱ ብቻ ቀርቷል፤ ስለዚህ ሳያየኝ በዚያ በኩል ሁለት ጆንያ አሸዋ ደብቄ ነበር።

ሳንቃው ላይ ወጣ። ጀልባዋ ቀጥ ብላ በረረች።

«አየሽ የሩቂያ እናት? ዛሬም ክብደት አለኝ!»

«ሆዳም! መቼ ጎድሎህ ያውቃል?»

ሊያርፍ ሲመለስ እግሩ ጆንያውን ነካ። ጎንበስ ብሎ ዳሰሰው።

«አሸዋውን ድፊው።»

«አልደፋም።»

«ባሕር ላይ አትዋሺኝ።»

ደፋሁት። እሱም ተመልሶ ሳንቃው ላይ ወጣ። መሪውን እንደያዝኩ ወደ እሱ ተጠጋሁ። ያም ሆኖ ጀልባዋ አልቀናችም፤ እንዳዘነበለች ይዛን ሄደች።