ቡራዩ ከአሥር ስንት?

ሊቤ በአንድ የእርዳታ ድርጅት የግምገማ ባለሙያ ነው። የሰው ፕሮጀክት ሲገመግም ኖሮ ኖሮ ልማዱ ቤቱ ድረስ ተከተለው፤ ከጣቢታ ጋር ተጋብተው የሚኖሩበትን ከተማ ለመምረጥ እንኳ «ለወጣት ባለሙያ ምቹነት» የሚል መመዘኛ ስልኩ ላይ አዘጋጀ። ሱሉልታን ነፋሷ ጣላት። ሰበታን የታክሲ ሰልፏ። ሰርጉ ደርሷል፤ ቤት ግን የለም።

ቡራዩ ከታክሲ ሲወርዱ ጣቢታ ክንዱን ያዝ አደረገችው።

«ስማ፣ ዛሬም ካልወሰንክ ሰርጉን እናራዝመው። የምትፈራው ከተማውን ይሁን እኔን ግራ ገብቶኛል።»

ሊቤ ስልኩን አውጥቶ መመዘኛውን ከፈተ።

የሚከራየው ሁለት ክፍል አዴ ጠጅቱ የሚባሉ እናት ግቢ ውስጥ ነው። ሊቤ የግቢውን ቧንቧ ከፈተው። ቧንቧው ተንፍሶ ዝም አለ።

«ውሃ በፈረቃ ነው» አሉ አዴ ጠጅቱ።

«ፈረቃው መቼ ነው?»

«ሲመጣ ነዋ!»

ሊቤ ዜሮ ጻፈ።

ወዲያው ከጎረቤት «ውሃ መጣ!» ተባለ። ተከራዩ ሁሉ ጀሪካኑን እያንጠለጠለ ወጣ። ጣቢታ ጫማዋን አውልቃ የቧንቧውን ጎማ ይዛለች።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ መጀመሪያ ያንን ሙዪልኝ፣ የከድሩን» አሏት አዴ ጠጅቱ።

«ከድሩ የትኛው ነው?» አለ ሊቤ።

«የለም፤ ፋብሪካ ነው። ማታ ነው የሚገባው።»

«ታዲያ ይኼ ሁሉ ሰው ቆሞ፣ የሌለው ይቀድማል?»

«ኧረ ልጄ! እኛ እኮ አለን፤ ውሃው ቢሄድ ሮጠን እናመጣለን። እሱ ደክሞት መጥቶ ባዶ ጀሪካን ይጠብቀው? እዚህ ግቢ የሌለ ሰው ነው የሚቀድመው።»

ጣቢታ ቀና አለች። ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ርሷል።

«ለዚህስ ስንት ትሰጣለህ?»

ሊቤ ስልኩን አየ። ለዚህ የሚሆን ቦታ መመዘኛው ላይ አልተወለትም። ስልኩን ኪሱ ከተተና ከግቢው ወጣ።

«ሊቤ? ወዴት ነው?» ድምጿ ከኋላው ቀጠነ።

ከሱቅ ሁለት ጀሪካን ይዞ ሲመለስ ዓይኗ በሩ ላይ ነበር፤ ውሃው ከከድሩ ጀሪካን ሞልቶ እግሯ ላይ ይፈስሳል። ሊቤ ጀሪካኖቹን ሰልፉ መጨረሻ ላይ አቆማቸው።

«ልትገቡ ነው?» አሉ አዴ ጠጅቱ።

«ከሰርጉ በኋላ ነው አዴ። እስከዚያ የለንም።»

«የላችሁም?»

አዴ ጠጅቱ ሁለቱንም ጀሪካን ብድግ አድርገው ሰልፉ ፊት፣ ጣቢታ እግር ሥር አስቀመጧቸው። ጣቢታ ፊቷን ወደ ቧንቧው መለሰች። እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች፣ ሊቤ ለመገምገም አልሞከረም።