ያልመጣው ካሜራ

በቀለች ጉርድ ፎቶ ስትቆርጥ መቀሷ ድንገት ከቆመ አንድ ነገር አስግቷታል ማለት ነው። የዚያን ዕለት መቀሷ የቆመው ጁምዓ የሚባለው፣ ከመንጌ ወረዳ የመጣው ወርቅ ገዢ ከነጩ መጋረጃ ፊት ተቀምጦ፣ ልጇን ትህትናን «ከመሬት በታች ያለውንስ ያሳያል?» ብሎ ሲጠይቃት ነበር።

ጥያቄውን ያመጣችው ራሷ ትህትና ናት። ፎቶ ቤታቸው አሶሳ፣ ከመናኸሪያው ከፍ ብሎ ነው። ትህትና ታነሳለች፣ እናቷ ትቆርጣለች፣ ጎናቸው ኢንተርኔት ቤት ያለው ሚፍታህ ያትምላቸዋል። ክልሉ ገና አዲስ ስለሆነ በየጊዜው አንድ ቢሮ ይከፈታል፣ ቢሮ በተከፈተ ቁጥር መታወቂያ ያስፈልጋል፣ ስለዚህ ሥራ አይጠፋም። ካለፈው መስከረም ወዲህ ግን ትህትናና ሚፍታህ ልባቸው ሌላ ቦታ ነው። ገና ያልወጣ ካሜራ አለ። መቼ እንደሚወጣ የሚያውቅ የለም፣ ምን ምን እንደሚኖረውም የሚያውቅ የለም፣ ግን የዓለም ሰው ሁሉ ኢንተርኔት ላይ ተቀምጦ ስለ እሱ ይከራከራል። ኔትወርክ በመጣ ቁጥር ሚፍታህ ያንን የክርክር ገጽ ይከፍታል፤ ገጹ ከላይ ወደ ታች በቀስታ እስኪወርድ ሁለቱ አገጫቸውን ይዘው ይጠብቃሉ፤ ከዚያ ትህትና አዲሱን ወሬ ይዛ ትመጣለች።

መጀመሪያ ፊልምም ይቀርጻል ተባለ። ቀጥሎ ስክሪኑ እንደ መስኮት ተከፍቶ ይዞራል ተባለ። ደግሞ ያለ ፍላሽ በጨለማ ያነሳል፣ ዓይን የማያየውን ያያል የሚል መጣ። በመጨረሻ የመጣው ግን በቀለችን እንቅልፍ ነሳት። ካሜራው ፎቶው የተነሳበትን ቦታ ከሰማይ ተቀብሎ ይመዘግባል አሉ፤ የትኛው ወንዝ ዳር፣ የትኛው ዛፍ ሥር እንደሆነ ሳይቀር።

«ማን ጠይቆት ነው የሚመዘግበው?» አለች በቀለች።

ልጇ ሳቀችባት። ወሬውን ደግሞ ለራሷ ብቻ አልያዘችውም። ሊነሳ ለተቀመጠ ደንበኛ ሁሉ፣ መብራቱን ስታስተካክል ትነግረዋለች። ያላቸው ካሜራ ከሰው እጅ የተገዛ አሮጌ ነው፤ ውስጡ ያለችው መስታወት አንዳንዴ ከተነሳች በኋላ መመለስ እምቢ ትላለች፤ ያኔ ትህትና ታችኛውን በመዳፏ ጠብ ጠብ ታደርገዋለች። ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ሰው ደህና ካሜራ ሊሸጥላት ሲለምናት አልገዛም ያለችውም አዲሱን እጠብቃለሁ ብላ ነው። በቀለች እያንዳንዱን «ቀጭ» የሚል ድምፅ ስትሰማ የመጨረሻው ይሆን እያለች ትሳቀቃለች።

«ገና አልተረጋገጠም» አለች ትህትና ለጁምዓ፣ ዓይኗን ከካሜራው ሳታነሳ። «እሱም አይቀርም ይሆናል። ለአሁኑ ግን አገጭዎን ዝቅ ያድርጉልኝ።»

ሚፍታህ ከበሩ ላይ ሳቀ። ጁምዓ አልሳቀም። እሱ ከሱዳን በኩል በኩርሙክ የሚገባውን፣ ወርቅ ካለበት መሬት ላይ ሲደርስ የሚጮኸውን መሣሪያ በዓይኑ ያየ ሰው ነው። የሚጮህ ካለ የሚያይ ለምን አይኖርም? በቀለች ይህን ሐሳብ ፊቱ ላይ አነበበችው። ፎቶውን ተቀብሎ እስኪወጣ መቀሷን አላንቀሳቀሰችም።

ብዙም ሳይቆይ ገበያ ውስጥ ባሚያ የምትሸጥ ሴት፣ ልጅሽ የምታስመጣው ወርቅ የሚያየው ዕቃ ደረሰ ወይ ብላ ጠየቀቻት። በቀለች ባሚያውን እዚያው ጥላ ተመለሰች። መንገዱን ሁሉ በሐሳቧ ሰው የፎቶ ቤቱን ቆርቆሮ በር ሲገነጥል፣ ፖሊስ ልጇን ዕቃው የት አለ እያለ ሲጠይቃት፣ ትህትና የሌለ ዕቃ አምጪ ተብላ ጫካ ውስጥ ስትለምን እያየች ነው የደረሰችው። የከፋው ደግሞ ልጇ በሚቀጥለው እሑድ የምትሄደው እዚያው ጁምዓ አገር መንጌ መሆኑ ነው። ዓዲላ የምትባል ወርቅ አጣቢ ሴት ልጇን ልትድር ነው፤ ራሷ አሶሳ ድረስ መጥታ ትህትናን ሰርጉን እንድታነሳላት ቃል አስገብታታለች።

«አሞኛል በያት» አለች በቀለች።

«ሴትዮዋ ልጇን የምትድረው አንዴ ነው፣ እማ። ማን ይሄድላታል?»

«ሰውየው ያልሽውን አምኗል። ፊቱን አላየሽውም?»

«ያየሁትማ በሌንስ ነው» አለች ትህትና። ቀልዷን መሆኑን ሰው ሁሉ ያውቃል ብላ የእናቷን ስጋት ገፋችው።

«ካሜራውስ መሀል ላይ ቢሞት?»

«እንግዲህ አንዱን ምረጪ። በአንድ በኩል ይሞታል ትያለሽ፣ በሌላ በኩል ወርቅ ያያል ብለው ይገድሉኛል ትያለሽ። የሞተ ካሜራ ምን ያያል?»

በቀለች ሁለቱንም መረጠች። እሑድ ጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ፣ ሳትጠየቅ፣ ላንድክሩዘሩ ውስጥ ከልጇ አጠገብ ተቀመጠች።

መንገዱ ያነሳል ይጥላል። የካሜራውን ቦርሳ እንደ አራስ ልጅ ጭኗ ላይ አቅፋ፣ መኪናው በዘለለ ቁጥር አብራ ትነሳለች። በሰሜን በኩል ሰማዩ መጥቆር ጀምሯል፤ የበጋው ማለቂያ ነው። ዝናቡ መሀል ላይ ቢይዘንስ፣ ወንዙ ቢሞላስ ስትል ትህትና የጆሮ ማዳመጫዋን ሰካች።

መንጌ ሲደርሱ ዓዲላ ቶብ የሚሉትን፣ ሰውነት ላይ የሚጠመጠም ብርቱካንማ ረጅም ጨርቅ ለብሳ መንገድ ላይ ወጥታ ተቀበለቻቸው። ረጅም ናት፣ እጇ በውኃና በአሸዋ ብዛት ተሰነጣጥቋል። የአማርኛዋ አንተና አንቺ ቦታቸውን አያውቁም፤ ግን የምትለው ሁሉ ይገባል።

«አንተ እናት ነህ?» አለቻት በቀለችን፣ ሁለት እጇን ይዛ። «መርሃባ። እኔም እናት ነው።»

በቀለች ትንሽ ልቧ መለስ አለ። ወዲያው ግን የወሰዷቸው ሙሽራዋ ወዳለችበት ቤት ሳይሆን ወደ ትልቁ ማንጎ ሥር ነበር። እዚያ ሴቶች ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። መሀላቸው እርጥብ አሸዋ የሞላባቸው ሦስት የወርቅ ማጠቢያ ገበቴዎች ተደርድረዋል። ጁምዓ ከጀርባቸው ቆሟል።

ነገሩን ያስረዳቸው እሱ ነው። ከሦስቱ በአንዱ ውስጥ የዓዲላ ወርቅ ተቀብሯል፤ የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው የቀበረው እሱ ብቻ ነው። ትህትና ታንሳና ትንገራቸው። ከዚያ ሰርጉ ይቀጥላል።

በቀለች ለጩቤ ተዘጋጅታ ነበር የመጣችው። ለጩኸት፣ ለድንጋይም ተዘጋጅታ ነበር። ያልተዘጋጀችው በእነዚህ ሴቶች ዓይን ነው። አንዳቸውም አልተቆጡም። ሐኪም የምርመራ ውጤት ይዞ ሲወጣ እንደሚያዩት ሆነው ልጇን ያያሉ። ይህ ከቁጣው ይልቅ አስፈራት።

«ይሄ… ይሄ እኮ አሮጌው ነው» አለች ትህትና።

«ይሁን» አለ ጁምዓ። «አዲሱ ብዙ ካየ አሮጌው ትንሽ አያጣም።»

ትህትና ካሜራውን አነሳች። ቀጭ። ሴቶቹ ተነስተው ስክሪኑ ላይ ተደፉ። አሸዋ ነው። ሁለተኛውን አነሳች፤ መስታወቷ ተሰቅላ ቀረች። በመዳፏ ጠብ አደረገችው፣ ተመለሰች። ሦስተኛው ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጠብ ማድረግ አስፈለጋት። በቀለች ያንን ድምፅ ስትሰማ ጥርሷን ነከሰች። ልጅቷ ሙሽራዋን ሳታይ ካሜራዋን አሸዋ ላይ እየጨረሰችው ነው።

ጁምዓ አገጩን ዳሰሰ። ጥፋቱ የፀሐዩ ነው አለ፤ ካሜራው የሚያየው በጨለማ አይደል? ገበቴዎቹ በቶብ ይሸፈኑና ከሥር ገብታ ታንሳ። ሁለት ሴቶች ቶባቸውን መፍታት ጀመሩ፤ ትህትናም ጎንበስ አለች። እናቷን ቀና ብላ አላየቻትም።

በቀለች ብድግ አለች። እጇን ዘርግታ ሌንሱን በመዳፏ ሸፈነችው።

«አያይም» አለች። «ልጄ ቀልዳ ነው። ይሄ ካሜራ ከምናየው በላይ አያይም፤ ሊሞት ነው፤ አሸዋ ካነሳ ሙሽራዋን አያነሳም። እኔ የመጣሁት ይህን ፈርቼ ነው።»

ትህትና ጆሮዋ ሳይቀር ቀልቷል።

«የሚመጣውስ?» አለ ጁምዓ። «የሚመጣውን አይተሽዋል?»

«አላየሁም።»

«ታዲያ እንደማያይ በምን አወቅሽ?»

በቀለች አሥራ ሁለተኛ ክፍል ድረስ የተማረችው ሁሉ ከጭንቅላቷ በረረ። «አላውቅም» አለች። «እሷም አላየችውም። ሚፍታህም አላየውም። ኢንተርኔት ላይ የሚያወሩትም አላዩትም። ማንም ያላየውን ነው ሁሉም የሚያወራው።»

ጁምዓ በቤርታ ቋንቋ አንድ ነገር አለ። አንዲት ሴት መለሰችለት፣ ሌላዋ ጮክ አለች። በቀለች የማትሰማው ቋንቋ ሁሉ ስለ እሷ ክፉ የሚያወራ ይመስላታል፤ አሁንም ቦርሳውን ደረቷ ላይ አጥብቃ የመጣችበትን መንገድ በዓይኗ ፈለገች። መኪናው ሄዷል።

ከዚያ ዓዲላ ሳቀች። ረጅም ሳቅ አልነበረም፣ በአፍንጫ የሚወጣ የደከመው ሰው ሳቅ ነው። ዘወር ብላ ለሴቶቹ ተናገረች፣ ተመልሳም ለበቀለች በአማርኛ አስረዳቻት። እነሱም ጋ እንደዚሁ ነው። አንድ ሰው ይመጣል፣ ከዚያ ማዶ ወንዝ ላይ ደሀብ ወጣ፣ ወርቅ በወርቅ ሆነ ይላል። ማን አየ ሲባል ማንም አላየም። ግን ሁሉም ገበቴውን ተሸክሞ ይሄዳል። ከወትሮው ግን ዘንድሮ ያደረጉት ይብሳል፤ ካሜራው ቦታውን ካሳየን በከንቱ ለምን እንቆፍራለን ብለው ቁፋሮውን ትተው ተቀመጡ። እንግዲህ ዝናቡ ሲጥል ጉድጓዱ ሁሉ ውኃ ይሞላል።

«በጋው አለቀ» አለች ዓዲላ፣ ወደ ጥቁሩ ሰማይ እያመለከተች። «እኛ ቁጭ ብሎ ጠበቀ።»

ትህትና ያኔ ነው ማልቀስ የጀመረችው። ይቅርታ ልትል አፏን ስትከፍት ዓዲላ እጇን አወዛወዘች። ሦስቱን ገበቴዎች በለመደ ዓይኗ ቃኝታ ወደ መሀለኛው ጎንበስ ብላ ውኃ ጨመረችበት፣ በዝግታ አሽከረከረችው፤ አሸዋው እየተንሸራተተ ወጣና ከታች ጥቂት የሚያብረቀርቁ ፍሬዎች ቀሩ። ጁምዓን ቀና ብላ አየችው። እሱም እንደማፈር ብሎ አንገቱን ነቀነቀ።

«መዓሌሽ፣ ግድ የለም» አለች ዓዲላ። ወርቋን በጨርቅ ቋጥራ ጉያዋ ከተተች። «አሁን ልጄን አንሳ።»

ሙሽራዋ እጆቿ እስከ ክርኗ በሒና ተጊጠው፣ ከቀርከሃው ቤት በር ላይ ወጥታ ቆመች። ዋዛ የሚሉት ረጃጅም የቅል ጥሩምባ መነፋት ጀመረ፤ አንዱ ሲያቆም ሌላው ይቀበላል። ትህትና ዕንባዋን በትከሻዋ ጠርጋ አነሳቻት። ቆማ፣ ተቀምጣ፣ እጇን ዘርግታ፣ ከእናቷ ጋር። መስታወቷ በተሰቀለች ቁጥር በቀለች ትንፋሿን ትይዛለች፣ በተመለሰች ቁጥር ትለቀዋለች። ሙሽራው ሲመጣ ሁለቱን ጎን ለጎን አቆመቻቸው፣ አነሳች፣ መስታወቷ ተሰቀለች። ጠብ ጠብ አደረገች። ሌንሱን ፈታ በትንፋሿ እፍ አለችበት። ባትሪውን አውጥታ መለሰች። በቃ።

ለፎቶ የለበሰው ሰው ግን ገና ተሰልፎ ነበር። አጎቶች አሉ፣ ጎረቤቶች አሉ፣ ከሌላ መንደር የመጡም አሉ። በቀለች ልትነሳ ስትል ልጇ ቀድማት ሄደች። ካሜራውን በሁለት እጇ ይዛ ዓዲላ ፊት ቆመች።

«ሞተብኝ» አለች። «ሌላውን ሰው ማንሳት አልችልም። ያነሳሁት አለ፤ ሌላ የለም።»

ከሰልፉ ውስጥ ጁምዓ ይህም ቀልድ እንዳይሆን አለ። የሳቀለት አልነበረም። በቀለች አሁን ነው አለች በልቧ፤ አሁን ነው የሚነሱብን።

«ልጄ አለ?» ብላ ጠየቀች ዓዲላ።

ትህትና ቁልፉን ተጫነች፤ የሞተው ማንሻው እንጂ ማሳያው አይደለም። ስክሪኑ ላይ ሙሽራዋ ወጣች፣ በሩ ላይ ቆማ፣ ሒናዋ እንደ ቅጠል ጥላ እጇ ላይ። ዓዲላ ካሜራውን ተቀበለች፣ ወደ ዓይኗ አስጠጋች፣ አራቀች። ከዚያ አጠገቧ ላለችው ሴት አቀበለቻት፣ እሷም ለቀጣይዋ።

በቀለች ቦርሳውን ይዛ ካሜራው ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ በዓይኗ ተከተለችው። ቢጥሉትስ፣ ሚሞሪውን ሳያውቁ ቢያጠፉትስ፣ ያለው ፎቶ ሁሉ ያ ብቻ ነው። አፏ ላይ የመጣውን «ቀስ በሉ» ዋጠችው። ካሜራው በሰልፉ ውስጥ አለፈ፣ ወንዶቹ ጋ ደረሰ፣ ጥሩምባ ነፊዎቹ ጋ ደረሰ፣ ከዚያ ከዓይኗ ተሰወረ። አልተከተለችውም። ከትህትና አጠገብ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች።

የመጀመሪያዎቹ የዝናብ ጠብታዎች ማንጎው ቅጠል ላይ ሲያርፉ አንዲት ባልቴት ሕፃን እንደሚታቀፍ ካሜራውን በቶቧ ሸፍና ወደ እነሱ መጣች። ባትሪው አልቆ ስክሪኑ ጠፍቷል። አሮጊቷ በበቀለች እጅ ላይ በጥንቃቄ አኖረችው፣ የሆነ ጥፋት ያጠፋች መስሏት ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ተኛ» አለች።

«አዎ፣ እማማ» አለች በቀለች። «ደክሞት ነው።»