ወተት የከለከለችው ልጅ

"ወተት ከልክላት ነው እኮ" የሚለው ሹክሹክታ ሀይሚ ጆሮ የደረሰው በእናቷ ሰልስት፣ ቦሌ ቡልቡላ ኮንዶሚኒየም ግቢ በተተከለው ድንኳን ውስጥ ተቀምጣ ሳለች ነው። ተናጋሪዋ የሟች ታላቅ እህት እትዬ ተናኜ ናቸው። አጠገባቸው ላሉት ሴቶች፣ የእህታቸው አጥንት የተሰበረው ወተት ስላልጠጣችና ፀሐይ ስላልሞቀች እንደሆነ ይነግሯቸዋል።

እናቷ አለም ሾላ ገበያ ሃያ ዓመት ቅመም ሸጣለች። የደም ግፊቷን ሳትለካ ኖራ፣ ግፊቱ ኩላሊቶቿን ማድከሙን ያወቀችው ሱቋ ውስጥ ራሷን ስታ ከወደቀች በኋላ ነው። ከዚያ ወዲያም በሳምንት ሦስት ቀን ደሟን በማሽን እያሳጠበች፣ በቀሩት ቀናት ሱቋን ትከፍት ነበር።

ዓምና ደረጃ ስትወርድ፣ ሳትወድቅ፣ ጭኗ ተሰበረ። ወተትም ፀሐይም አልጎደለባትም ነበርና ሀኪሙን አፋጠጠችው። ቫይታሚን ዲ ከፀሐይም ከምግብም ቢገኝ፣ በደንብ የሚሠራው ኩላሊት የመጨረሻውን ለውጥ ሲያደርግለት እንደሆነ አስረዳት። ያ ሲቀር አንጀት ካልሲየሙን ከምግብ እንደሚገባው አይመጥም፤ ሰውነትም የጎደለውን ከአጥንት ይወስዳል። ወተት እንድትቀንስ ያዘዛትም እሱ ነው፤ የደከመ ኩላሊት በወተት ውስጥ ያለውን ፎስፈረስ የተባለ ማዕድን ማስወጣት ስለሚያቅተው፣ ተጠራቅሞ አጥንቷን ይብስ ይጎዳዋል።

ከሀኪሙ ዘንድ አብረው ሲመለሱ ታክሲ ውስጥ አለም ልጇን "ለሰው ንገሪ። እኔ የሚነግረኝ አጥቼ ነው የዘገየሁት" አለቻት።

ሀይሚ ድንኳኑ ውስጥ ከመቀመጫዋ ተነሳች። አጎቷ አቶ መንግሥቱ በእጃቸው ተቀመጪ ቢሏትም አልተቀመጠችም።

"እትዬ ተናኜ፣ ወተቱን የከለከልኳት እኔ ነኝ። ዛሬም ብትኖር እከለክላታለሁ።"

ከዚያ ሀኪሙ የነገራቸውን፣ ከኩላሊት እስከ አንጀት፣ ከአንጀት እስከ አጥንት፣ አንድ በአንድ ተናገረች። አንድ ሽማግሌ ይህ የለቅሶ ቤት ወግ አይደለም ብለው አጉረመረሙ። እሷ ግን ዛሬ ካልተነገረ መቼ ሊነገር ነው ብላ ቀጠለች፤ እዚያ ያለው ሁሉ ግፊቱን እንዲለካ ነግራ ነው የተቀመጠችው።

ሰው ሲበተን እትዬ ተናኜ ጠሯት። ይቅርታ አልጠየቁም። ቀሚሳቸውን እስከ ቅልጥማቸው ገለጥ አድርገው፣ እግራቸው ማበጥ ከጀመረ ወር እንዳለፈው ዝቅ ባለ ድምፅ ነገሯት። ሀይሚ ተንበርክካ በአውራ ጣቷ ጫን አደረገችው። ጣቷን ስታነሳ ቦታው ስርጉድ ብሎ ቀረ።

"ነገ ጠዋት የኩላሊት ምርመራ እንሄዳለን።"

"በእህቴ ሐዘን መሃል?"

"አዎ፣ እትዬ። በእሷ ሐዘን መሃል።"

እትዬ ተናኜ እግራቸውን አልሰበሰቡም። ሀይሚም አልተነሳችም፤ ስርጉዱ ቀስ እያለ እስኪሞላ ድረስ እግራቸውን በሁለት እጇ ይዛ ቆየች።