የያደታ ወገብ

«ለክቡራን ደንበኞቻችን በሙሉ፤ ከዛሬ ጀምሮ ሽጉጥ ታጥቆ ማኪያቶ ማዘዝ በጥብቅ የተከለከለ መሆኑን በታላቅ አክብሮት እናሳውቃለን። ማኔጅመንቱ።»

ማኔጅመንቱ ሻሽቱ ራሷ ናት። ያደታ ለክርስትናው የታዘዘውን ድፎ ዳቦ ሊወስድ መቱ መናኸሪያ አጠገብ ካለው ቁርስ ቤቷ ሲደርስ፣ የማስታወቂያው ሙጫ ገና አልደረቀም ነበር።

«እርስዎን አይመለከትም ጋሼ» አለች ዳቦውን እየጠቀለለች። «እርስዎማ ከሰዓት መጥተው ባንኮኒው አጠገብ ይቀመጡልኝ። እርስዎ ካሉ ሰካራም አይጮህብኝም።»

«ታዲያ ይሄ ለማን ነው?»

«ለሌላው ነዋ። ፀጉር ቤቱም ለጥፏል እኮ።»

እውነቷን ነው። ፀጉር አስተካካዩ ያሳተመው እሷ ካሳተመችበት ኮምፒውተር ቤት ስለሆነ፣ እዚያም የተከለከለው ማኪያቶ ማዘዝ ነው፤ መላጨት ይቻላል። በዚያ ሰሞን ከተማው ሁሉ ይለጥፍ ነበር። ሕጉ ፈቃድ ያለው ይታጠቅ ይላል፤ የት እንደሚታጠቅ የሚወስነው ግን በር ያለው ሰው ሁሉ ሆነ።

ሻሽቱም ሌላውም ሰው ያላወቀው ነገር ቢኖር፣ የያደታ የሽጉጥ ማህደር ባዶ መሆኑን ነው። ከክረምቱ በፊት ፈቃዱን ሊያሳድስ ሽጉጡን ይዞ የሄደበት ቢሮ «ለማጣራት ይቆይ» ብሎ አስቀርቶበታል። በሄደ ቁጥር የሚያጣራው ሰው ስብሰባ ላይ ነው። ያደታ ግን ባለክዳኑን የቆዳ ማህደር ጨርቅ ጠቅጥቆበት እንደ ወትሮው ይታጠቃል፤ የኮቱን ጫፍ ወደ ኋላ ይጥላል፤ ወንበር ላይም እንደ ባለሽጉጥ በጎኑ ይቀመጣል።

ለኩራት አይደለም። በቡሬ መንገድ ያለው የቡና መሬቱ ከፉፋ መሬት ጋር ይዋሰናል። ፉፋ ድንበሩን ገፍቶ ሽማግሌ ፊት የቀረቡ ቀን፣ የራሱን ሽጉጥ እየዳበሰ «ያ ነገር ከወገብህ የወረደ ቀን እንነጋገራለን» ብሎታል። ሽማግሌዎቹ ሰምተው እንዳልሰሙ ሆኑ። ከዚያ ወዲህ ያደታ ቡናውን የሚጠብቀው በአንድ ቁራጭ ቆዳ ነው።

ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ሌላ ማስታወቂያ ጠበቀው። ከዚያው ኮምፒውተር ቤት የመጣ ነው፤ «ማኪያቶ ማዘዝ» የሚለው በእስክሪብቶ ተሰርዞ «መሳለም» ተብሎበታል። «ክቡራን ደንበኞቻችን» የሚለውን ማንም አልነካውም። ከማስታወቂያው ሥር፣ የሰበካ ጉባኤው ተወካይ ሆኖ፣ ሽጉጥ የሞላበት ቅርጫት ከፊቱ አድርጎ የተቀመጠው ፉፋ ነው።

«ና ያደታ፣ አውልቅ።»

«ከነማህደሩ አስቀምጥልኝ።»

«አይሆንም፤ ተከፍቶ፣ ታይቶ ነው። ኮሚቴው ያለው እንደዚያ ነው። የኔም ይኸው እላይ ተቀምጧል፣ እየው።»

ያደታ እጁን ክዳኑ ላይ አሳርፎ ቆመ። ማሙሽ ነጠላውን እየሰበሰበ ከውስጥ እየሮጠ መጣ። ዛሬ ክርስትና የሚነሳው የእሱ ልጅ ነው። እናቲቱን ዕፀገነትን ምጥ የያዛት ቀን ከኖፓ ወደ መቱ ሐኪም ቤት በፒክአፑ ያመጣት ያደታ ስለነበር፣ ወንድ ከሆነ ክርስትና እንዲያነሳላት እዚያው መኪና ውስጥ ቃል አስገብታዋለች።

«ማሎ ጋሼ፣ እባክዎ፣ ቄሱ እየጠበቁ ነው። ዲያቆኑ ሁለቴ ተጣራ።»

«እኔ አልገባም።»

«እንዴት አይገቡም? ልጁን ማን ይቀበላል?»

ያደታ ጠጋ ብሎ እውነቱን ሹክ ሊለው አሰበ። ግን ማሙሽ ምሥጢር ለሚስቱ ብቻ የሚነግር ሰው አይደለም፤ ለመናኸሪያው በሙሉ ነው። ማህደሩን ቤት ጥሎ መመለስም ያው ነው፤ ፉፋ የሚጠብቀውን ባዶ ወገብ ማሳየት።

«ለብረት ብሎ ክርስትና የሚያስቀር ሰው ዛሬ አየሁ» አለ ፉፋ፣ ሰው እንዲሰማው ጮክ ብሎ። የሰማውም ሳቀ።

የማሙሽ አክስት አስካለማርያም ከበሩ ውስጥ ብቅ አሉ። «ልጁ አርባ ቀኑ እንዳያልፍበት! ፉፋ፣ አንተ ግባና አንሳው።»

ማሙሽ ያደታን አየው፣ ፉፋን አየው፤ ከዚያ ባዶ እግሩን ማየት ጀመረ።

«እኔ ከገባሁ ይሄን ሁሉ ብረት ማን ይጠብቃል?» አለ ፉፋ።

«ያደታ አለ አይደል እንዴ? ከታጠቀ ሰው የተሻለ ጠባቂ ከየት ይመጣል?» አሉ አስካለማርያም።

ነገሩ ለሁሉም ትክክል መሰለ። ፉፋ ቅርጫቱን በጨርቅ ሸፍኖ፣ ጫማውን አውልቆ ገባ። ያደታ ፉፋ በተነሳበት ድንጋይ ላይ፣ ከቅርጫቱ አጠገብ፣ እንደ ልማዱ በጎኑ ተቀመጠ። የሚገባው ሁሉ እየተሳለመ ሲያልፍ አንዳንዱ በአክብሮት፣ አንዳንዱ በትዝብት አየው። አንድ ሽማግሌ «ብረትህን ከእግዜር አስበለጥከው ልጄ» ብለውት አለፉ።

ከውስጥ ልጁ ውሃው ሲነካው ጮኸ። ያደታ የቅርጫቱን ጨርቅ ገለጥ አደረገ። የፉፋ ሽጉጥ እላይ ነው፤ ማህደሩ ውስጥ ልክክ ብሎ ይገባ ነበር። ቢያደርገው ግን ሳይመሽ ሌባ ይባላል፤ ሌባን ደግሞ ፉፋ ፈቃድ ሳያስፈልገው ይተኩስበታል።

ግራ ቀኙን አየ። ከሽጉጡ እጀታ የጥይቱን ካርታ አወጣ፤ ጥይቶቹን አንድ በአንድ በአውራ ጣቱ እየገፋ ማህደሩ ውስጥ፣ ከጨርቁ ጋር ጨመራቸው። ባዶውን ካርታ መለሰ፤ ሽጉጡን እንደነበረ አስቀምጦ ሸፈነው። ሽጉጡ ከቀረበት ወዲህ ወገቡ ላይ ክብደት ሲሰማው የመጀመሪያው ነው።

ፉፋ ፊቱ በርቶ ወጣ። ሽጉጡን አንስቶ ሳያየው ሻጠና የማሙሽን ትከሻ መታ። «እንግዲህ ዘመድ ሆነናል። የዘመድህን ጠላት አብረኸኝ ነው የምትጠላው።»

ማሙሽ ሳቀ፤ ቀልድ ነው ብሎ ሳይሆን ቀልድ እንዲሆንለት።

ዕፀገነት ልጁን ታቅፋ ከኋላ መጣች። ያደታ ፊት ቆመች።

«ከዚህ ሰው ጋር ያለዎትን ጠብ አላውቅም መሰለዎት? አውቄ ነው እርስዎን የለመንኩት። አሁን ልጄ የሱ ሆነ።» ድምጿ ቀነሰ። «አልቀየምዎትም ጋሼ። ለምን እንደቀሩ ብቻ ይንገሩኝ።»

ያደታ ዳቦውን አንስቶ ለማሙሽ አስያዘው፤ የኮቱንም ጫፍ ወደ ኋላ ጣለ።

«አልናገርም» አለ።