ባቡሩ ማጨስ ያቆመ ሰሞን

በአእምሮ ሕክምና ሆስፒታሉ ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም፤ ሁሉም «ባቡሩ» ነው የሚሉት። በቀን ሁለት ፓኮ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ታዲያ ሌላ ምን ይባላል? ከዋርዱ ጀርባ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጭሱን ሲያንቦለቡለው ይውላል። ለነገሩ ሰው የሚያገኘው እዚያ ብቻ ነው። «እሳት አለህ?» ይሉታል፣ «አንዴ ልሳብ» ይሉታል፤ ለእሱ ጨዋታ ማለት ይኸው ነበር።

ታናሽ እህቱ ልትጠይቀው መጥታ ቃል ገባችለት። «ወንድም ጋሼ፣ ልጄ አስም አለባት። ሲጋራውን ብቻ ተውልኝ፤ በተውክ ማግስት መጥቼ ወደ ቤት እወስድሃለሁ።» ቤት! እዚህ ከገባ ሰባት ዓመቱ ነው።

የዚያኑ ዕለት ተወ። ወር ሲሞላው ሁሉንም ጉድ ሊያሰኝ ፈልጎ ለማንም ትንፍሽ አላለም። ጭሱ ካወደው እንደማይችል ስለሚያውቅ ወደ ወንበሩም ድርሽ አላለም። እጁ ማረፊያ አጥቶ የፒጃማውን ቁልፍ ሲፈትል ይውላል። ይበልጥ የጎዳው ግን ሱሱ አልነበረም። ቀናት አለፉ፣ አንድም ሰው «ባቡሩ የት ጠፋ?» ብሎ አልመጣም። ለካ የሚፈልጉት ክብሪቱን ኖሯል። ይህን ሲያስብ ሆድ ባሰው።

በሁለተኛው ሳምንት ሰውነቱ ከዳው። ሲተኛ የሞተ ይመስላል፤ ለሃጩ ትራሱን ያርሰዋል፤ ሲራመድ ይንገዳገዳል። ተረኛው ሐኪም «አገርሽቶበታል» ብሎ መድኃኒት ሊጨምርለት ካርዱን አነሳ። ደግነቱ በዋርዱ ብዙ ዓመት የሠራችው ሲስተር ትራሱን ልትቀይርለት ጎንበስ አለች።

«አንተ! ሲጋራ ሲጋራ አትሸትም እኮ። መቼ ነው ያቆምከው?»

«አሥራ አራት ቀኔ» አለ፣ አፉ እየተኮላተፈ።

«እና ዝም ትላለህ? ጭሱ እኮ መድኃኒቱን ከሰውነትህ ቶሎ ያስወጣው ነበር። እሱ ሲቀር ያው ኪኒን በዛብህ! መንገር ነበረብህ።» ትራሱን እያስተካከለች፣ «እኛም መጠየቅ ነበረብን» አለች።

ደሙ ተመረመረ፤ የመድኃኒቱ መጠን ተቀነሰለት፤ በሳምንቱ ቀጥ ብሎ መራመድ ጀመረ። ያን ዕለት ሲስተር ስልኳን ሰጠችውና ለእህቱ ደወለ።

«ተውኩት እኮ! ሃያ አንድ ቀኔ!»

«ጎሽ! ጎሽ ወንድም ጋሼ!» አለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ባለቤቴ አይስማማም። ልጅቷም ትፈራሃለች። ያኔ እንደዚያ ያልኩህ... እንደማትተወው እርግጠኛ ስለነበርኩ ነው። ይቅር በለኝ።»

«ግድ የለም» አላት። ስልኩን ለሲስተር መለሰላት። ተራዋ አብቅቶ ስለነበር ቦርሳዋን አንስታ ወደ በሩ አመራች።

«ሲስተር» ብሎ ጠራት፣ «ነገ ትገቢያለሽ?»

«እገባለሁ። ምነው?»

«ነገ ሃያ ሁለት ቀን ይሞላኛል። የምነግረው ሰው እንዳላጣ ብዬ ነው።»