የሹራብ ጠባቂዋ

የስፖርት መምህሩ አንጀቱ ቶሎ የሚራራ ሰው ነው። ልጅቷ ዘጠነኛ ክፍል የገባች ዕለት ተሽከርካሪ ወንበሯን አየና፣ "አንቺ እንዳትደክሚብኝ፣ እዚያ ጥላው ሥር አረፍ በይ" አላት። በዚያው የክፍሉ ሹራብና ቦርሳ ጠባቂ ሆና ቀረች። አንድም ነገር ጠፍቶባት ስለማያውቅ ልጆቹ "ካዝና" ይሏታል። እሱም በየሴሚስተሩ ከመቶ መቶ እየሰጣት ጽድቅ የሠራ ይመስለው ነበር።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል፣ የመጨረሻው የስፖርት ክፍለ ጊዜ ላይ፣ ካዝና ሹራቦቹን ጥላው ሥር ትታ ወንበሯን እየገፋች ሜዳው ድረስ መጣች።

"ቲቸር፣ ውጤቴን ይቀንሱልኝ።"

"ምን ነካሽ ልጄ? መቶም ይጠላል እንዴ?"

"ጽድቁ ቀርቶ በቅጡ በኮነነኝ አሉ። እኔ እኮ አንድ ቀን ኳስ ነክቼ አላውቅም።"

መምህሩ ሊስቅ ፈለገ፤ ሳቁ ግን አልመጣለትም። የያዘውን ኳስ ወረወረላት። ጎማ በመግፋት የፈረጠመው ክንዷ ዘግይቶ ተዘረጋ፤ ኳሱ ደረቷን መትቶ ተንከባለለ። መቅለብ አታውቅም። ማን አስተምሯት!

"ይድገሙልኝ" አለች እየሳቀች።

ደገመላት፤ አመለጣት። በሦስተኛው ቀለበችው፤ መልሳ ስትወረውርለት መዳፉን አቃጠለው። ይሄ ክንድ ነው አራት ዓመት ሙሉ ሹራብ ሲያቅፍ የኖረው።

"ሌላ!" አለች።

መምህሩ ኳሱን ከፍ ሲያደርግ ደወሉ ተደወለ። ልጆቹም ከሜዳው ማዶ፣ "ካዝና፣ ሹራቤስ?" እያሉ ወደ እሷ ሮጡ።