አደስ የሌለበት ቅቤ

ከዲማ እስከ ደብረ ወርቅ ባለው አገር ሴት ልጅ ስትዳር፣ ሰርጉ ሳምንት ሲቀረው የሙሽራዋ እናት የምትሄደው የብርጓል ወደምትባል የራስ ቅቤ ሠሪ ደጅ ነበር። የብርጓል ለጋውን ቅቤ አሬራው ጨርሶ እስኪለቀው በቀዝቃዛ ውሃ ደጋግማ ታጥባለች። በጥላ የደረቀ የአደስ ቅጠል ወቅጣ፣ በስስ ጨርቅ ነፍታ ትጨምርበታለች። በመጨረሻ ማንም ሳያያት ከእናቷ የተማረችውን የደረቀ የቀጋ አበባ ጣል ታደርግበታለች። አደሱን የማታውቅ ሴት የለችም፤ ቀጋው ግን የእሷ ብቻ ነበር። ለባልንጀራዋ እንኳ አልነገረችም። በዚህ ነገር ስስታም ነበረች ቢባል ሐሰት አይደለም።

ጣሊያን አገሩን ከያዘ በኋላ ይህ ሁሉ ቀረ። ባሏ አንለይ በሰኔ ጠመንጃውን አንግቶ ዱር ሲገባ፣ ጠላት ካልወጣ ጠጉሬን አልላጭም ብሎ ማለ። እሷም እሱ እስኪመለስ ድረስ ከእሱ ራስ በቀር ለሌላ ራስ ቅቤ ላትሠራ፣ የራሷንም ላትቀባ ማለች። የባንዳ ሚስቶች ሰው ቢልኩባት እጄን አሞኛል እያለች መለሰቻቸው።

አንለይ ሊሄድ ሲል አንድ ነገር አጥብቆ ነግሯት ነበር።

«ለኔ በምትልኪው አደስ እንዳትጨምሪበት» አላት። «ፈረንጁ አደስ አያውቅም። ባንዶቹ ግን የእኛው ልጆች ናቸው። ዋሻ ውስጥ ተኝተን ነፋስ ሽታውን ቢወስድላቸው ያገኙናል።»

ስለዚህ የአንለይን ቅቤ ቅማል በሚያባርር መራራ የግራዋ ጭማቂ ብቻ ትለውሰው ነበር። ያለቻት አንዲት ላም ናት። አሬራውን ራሷ ትጠጣለች፤ ቅቤውን አንድ ጣት ሳትቀምስ ለእሱ ታስቀምጣለች። አፍንጫ የሚያስይዝ ቅቤ ነበር፤ እሷ ግን ከሠራችው ሁሉ እሱን ትወደው ነበር።

የቅቤውን ቅል ይዞ ወደ ዱር የሚሄደው የአንለይ ታናሽ ወንድም አበረ ነው። የብርጓል ሙሽራ ሆና ስትመጣ አበረ ገና ቁንጮ ያለው ልጅ ነበር። እሷ አልወለደችም። አበረን ግን አጥባ፣ አበጥራ፣ ቀብታ አሳድጋዋለች፤ ትልቅ ሰው ከሆነ በኋላም «እቴ» ነበር የሚላት። በየወሩ መጥቶ ቅሉን ይወስዳል፤ በሦስተኛው ቀን ባዶውን ይመልስና ደህና ነው፣ ሰላም ብሎሻል ይላታል። እሷም ወሩን በዚያች ቃል ትገፋዋለች።

በየካቲት አበረ መጥቶ መደቡ ላይ ተቀመጠ። ዓይኑን ምድጃው ላይ ተክሎ፣ «አደስ ጨምሪበት ይላል» አላት።

«ማን? አንለይ?»

«አንለይ ነዋ። የቤቴ ሽታ ናፈቀኝ አለ።»

እኔ ብሆን እዚህ ላይ እጠረጥር ነበር ማለት ለሚያወራ ሰው ቀላል ነው። ስምንት ወር ሙሉ ቅልና ቃል ስታመላልስ የኖረች ሴት ግን አልጠረጠረችም። እንዲያውም ደስ አላት። አደሱን ካልፈራ ጠላት ከአካባቢው ርቋል፣ ለፋሲካ ይመጣል ብላ አሰበች። ወደ ጎረቤቷ ወደ ሽታዬ ሮጣ ሄዳ፣ «አደስ ጠየቀኝ!» አለቻት። በማግስቱ ወንዝ ዳር ወርዳ አደሱን ለቅማ መጣች። ያን ቅቤ ለየትኛዋም ሙሽራ ሠርታው በማታውቀው አኳኋን ሠራችው፤ ቀጋውንም እጥፍ አደረገችው። ለመጋቢትም እንዲሁ ሠርታ ላከች።

መጋቢት ሃያ አንድ ቀን የብርጓል ለአንለይ ተስላ ጧፏን ይዛ ደብረ ወርቅ ማርያም ሄደች። በሴቶቹ በኩል ቆማ ስትሰግድ ሽታው መጣባት። መጀመሪያ አደሱ፣ ከሥሩ ደግሞ ቀጋው። ልቧ ዘለለ። አንለይ መጥቷል ብላ ወደ ወንዶቹ በኩል ዞረች፤ ጎፈሬውን ፈልጋ ፊት ለፊት ያለውን ሁሉ በዓይኗ አዳረሰች። አንለይ አልነበረም። ሽታው የሚመጣው ከፊቷ ከምትሰግደው ሴት ራስ ነበር።

ከቅዳሴ በኋላ ሴትዮዋን ተከትላ ደረሰችባትና፣ «እኅቴ፣ ጠጉርሽ እንዴት ያምራል። ማን ሠራልሽ?» አለቻት።

ሴትዮዋ ሙላቷ ትባላለች፤ ከጣሊያኖቹ ምሽግ አዛዥ ጋር የምትኖር ናት። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ወሬ ግን አይቆይባትም።

«አበረ የሚባል የእኛ ሰው ነው የሚያመጣልኝ» አለች። «የምትሠራው የወንድሙ ሚስት ናት። ባሏ ያለ እየመሰላት ነው እንጂ ለኛስ አትሠራም ነበር።»

«ባሏስ?»

«በጥር ዋሻው ውስጥ እንዳለ ገደሉት። መንገዱን የመራቸው ራሱ አበረ ነው፤ ለዚያም መሬት ሰጡት። እሷን እስካሁን አላረዷትም አሉ፣ ምስኪን።»

የብርጓል አመስግና ተሰናበተቻት። መንገዱን እንዴት እንደጨረሰችው አታውቅም። አንለይ የፈራው ነፋስን ነበር። ነፋስ ግን ምንም አላደረገም። ዋሻውን ያሳየው በየወሩ ቅሉን ይዞ የሚመላለሰው እግር ነው፤ ቅሉን ለዚያ እግር የሰጠችው ደግሞ እሷ ናት። ከዚህ በኋላ የሠራችውን ቅቤ አስታወሰች። ባሏ አፈር ከለበሰ በኋላ እየዘፈነች አደስ ወቅጣለች። ከሞቱ ይልቅ ይህኛው ነበር የከበዳት።

ቤቷ ገብታ ምላጭ አወጣች፤ ራሷን ተላጨች። አላለቀሰችም። በሚያዝያ መጀመሪያ አበረ ቅል ሊወስድ የሚመጣበት ቀን ሲደርስ፣ የንስሐ አባቷን አባ ወልደ ሰንበትንና ጎረቤቱን ሁሉ ጠርታ የሰማችውን ነገረቻቸውና መደቡ ላይ አስቀመጠች። አበረ ከወታደር ጋር ተመልሶ ቤታቸውን ሊያቃጥል እንደሚችል ሁሉም ያውቃሉ። የቀረ ሰው ግን አልነበረም።

አበረ «ቤቶች!» ብሎ ገባ። ራሷን ሲያይ በሩ ላይ ቀረ።

«እቴ፣ ምነው? ማን ሞተ?»

«ሳትገባ ነው የሸተትከኝ» አለችው። እውነቷን ነው፤ የእሱም ራስ በአደሱ ወዝቶ ነበር። «መርዶ የሚያረዳ የቅርብ ዘመድ ነው። እኔ ከአንተ የቀረበ ዘመድ የለኝም። ተቀመጥና አርዳኝ።»

አበረ ዙሪያውን ተመለከተ። አባ ወልደ ሰንበት መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ያዩታል። ሽታዬ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍናለች።

«እቴ...»

«እቴ አትበለኝ። ያበጠርኩህ በዚህ እጄ ነው። ማን እንደሞተ ንገረኝ፤ መንገዱን ማን እንደመራም ንገረኝ። እነሱም ይስሙህ።»

አበረ ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ የወንድሙን ስም ጠራ። ሁለተኛውን ጥያቄ አልመለሰም፤ መመለስም አላስፈለገውም። የብርጓል ከደብረ ወርቅ ጀምራ ይዛው የመጣችውን ለቅሶ ያኔ ለቀቀችው፤ ደረቷን እየመታች አንለይ፣ አንለይ አለች። ጎረቤቱ ሁሉ አብሯት ጮኸ፤ ሴቶቹ ከግራና ከቀኝ ደግፈው ያዟት።

አበረ ከመካከላቸው ቆሞ ቀረ። እሱም ወንድም ሞቶበታል። አንድም ሰው ግን እግዜር ያጥናህ አላለውም።